ባንኮክ ሄጄ እንግሊዝኛ ላስተምር? ለጎንደሯ መምህርት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተመርቄ፣ አዘዞ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ከ2014 ጀምሮ አስተምራለሁ። በቴሌግራም ያገኘሁት ሰው ባንኮክ የእንግሊዝኛ አስተማሪነት አለልሽ ብሎኛል። በወር 1,500 ዶላር፣ ቤት በነፃ። በቱሪስት ቪዛ ትገቢና እዚያ ይቀየራል፣ መጋቢት 20 ሥራ ትጀምሪያለሽ ይላል። ለፕሮሰስ 180 ሺህ ብር ጠይቆኛል። ልሂድ? ከሄድኩስ ማንንም የማላውቅበትን ከተማ እንዴት ነው የምለምደው? ጾሙስ? እናቴ ካሁኑ በርበሬና ሽሮ እያስፈጨች ነው።»

እህቴ፣ በዚህ ሰው በኩል አትሂጂ። ብሩንም አትክፈዪ። የፓስፖርትሽን ፎቶ ልከሽለት ከሆነ እዚያው ላይ ይብቃ፣ ሌላ ሰነድ አትጨምሪለት። ዋናው መልስ ይኼ ነው። ይህን ስል ግን ታይላንድ አትሂጂ ማለቴ አይደለም። እኔም እዚያ ለዓመታት አስተምሬ ነው የተመለስኩት፤ አሁን እዚሁ ጎንደር ወደ ውጭ ለሚሄዱ መምህራን ውልና ሰነድ አያለሁ። ሥራው አለ፣ አበሻም ያገኘዋል። ነገር ግን ባንኮክ ላይ የሚኖርሽን ኑሮ የሚወስነው ገና ከጎንደር ሳትነሺ የተሠራው ወረቀት ነው። እዚያ ደርሼ አስተካክላለሁ ያለ ሰው ሲንገላታ ነው ያየሁት።

መጋቢት 20 የሚለውን ልያዝ፣ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው እሱን ነውና። የታይላንድ ትምህርት ቤቶች ዓመቱን የሚጀምሩት በፈረንጅ ሜይ አጋማሽ ነው፤ በእኛ ግንቦት ገና ሲገባ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ኦክቶበር ላይ ያልቃል፣ ሁለተኛው ኖቬምበር መጀመሪያ ተከፍቶ ማርች ላይ ይዘጋል። መጋቢት 20 ደግሞ ማርች 29 ነው። በዚያ ሰሞን ልጆቹ ፈተና ጨርሰው ቤታቸው ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ሶንግክራን የሚሉት የውሃ በዓላቸው ኤፕሪል 13 ይገባል፣ አገር ምድሩ ውሃ ሲራጭ ይሰነብታል። እርግጥ በእረፍቱ ወቅት የክረምት ኮርስ የሚመስል ነገር የሚሰጡ የቋንቋ ማዕከላት አሉ፤ ግን ለእሱ ብሎ ከኢትዮጵያ ሰው በ1,500 ዶላር የሚያስመጣ የለም። እንግዲህ ወይ ሰውዬው ስለ ትምህርት ቤት ምንም አያውቅም፣ ወይ ጭራሹኑ ትምህርት ቤት የለም።

ደመወዙም አላማረኝም። 1,500 ዶላር ወደ 48 ሺህ ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ይመጣል። ይህን ያህል የሚከፈለው ጥሩ ትምህርት ቤት ለገባ፣ ልምድ ላለው እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ ነው። እዚያ አገር ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ሁለት ዋጋ ተጽፎ ታያለሽ፣ አንዱ ለቋንቋው ተወላጅ፣ አንዱ ለሌላው። ለተወላጁ 35 እና 40 ሺህ ባት የሚከፍል ትምህርት ቤት ለፊሊፒናዊ፣ ለካሜሩናዊ፣ ለአበሻ ከ20 እስከ 25 ሺህ ቢያቀርብ የሚገርመው የለም። ያናድዳል፤ እኔንም አናዶኛል። ቢሆንም ሒሳብሽን በዚያ ሥሪ፣ ከዚያ በላይ ከመጣ እሰየው።

«ቪዛው እዚያ ይቀየራል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ያለበት ነገር ነው፣ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። ሕጋዊ ትምህርት ቤት ሙሉ ወረቀት ይዞ ከቀረበ አገር ውስጥ ሆኖ ከቱሪስት ወደ ሥራ ቪዛ የሚቀየርበት አሠራር አለ። ግን እምቢ ቢባል የምትባረሪው አንቺ ነሽ፣ ትምህርት ቤቱ አይደለም። በቱሪስት ቪዛ አንድ ቀን ክፍል ገብተሽ ብታስተምሪ እንኳ ሕገ ወጥ ሠራተኛ ነሽ። ትክክለኛው መንገድ ኖን ኢሚግራንት ቢ የሚባለው ቪዛ ነው። ትምህርት ቤቱ ደብዳቤውንና ፈቃዱን ይልክልሻል፣ አንቺ እዚህ ሆነሽ ታመለክቻለሽ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማመልከቻው በኢንተርኔት ሆኗል። በዚያ ቪዛ 90 ቀን ይሰጥሻል፣ በዚያ ውስጥ ትምህርት ቤቱ የሥራ ፈቃድሽን ከሥራ ሚኒስቴራቸው ያወጣል፣ ከዚያ የመኖሪያ ጊዜሽ እስከ አንድ ዓመት ይራዘማል። እውነተኛ ቀጣሪ ይህን ሲነገረው ግር አይለውም፤ በየዓመቱ የሚሠራው ነገር ነው።

አሁን ቀልድ የሌለበት ክፍል መጣ። ባንኮክ ሥራ አለ ተብለው የሄዱ የኛ ልጆች ከአየር ማረፊያው መኪና ተቀብሏቸው፣ ወደ ከተማው መግባቱ ቀርቶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነድተው፣ ሜ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ ደርሰው፣ ወንዝ ተሻግረው ምያንማር ውስጥ ምያዋዲ አካባቢ የታጠሩ ግቢዎች ውስጥ ገብተዋል። እዚያ የሚጠብቃቸው ሥራ በኢንተርኔት ሰው ማጭበርበር ነው። እምቢ ያለ ይደበደባል። በየካቲት 2017 ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ጦር ከተሰጡት 260 ገደማ ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከ20 አገር ሰው ሁሉ የኛ ይበልጥ ነበር። የሚፈለገው ደግሞ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ መጻፍ የማይከብደው፣ የተማረ ወጣት ነው። አንቺን የመሰለ ማለት ነው።

የቴሌግራሙ ሰው ከእነሱ ወገን ነው ብዬ አልምልም። ግን መፈተኛው ቀላል ነው። የትምህርት ቤቱን ስምና አድራሻ ጠይቂው። ካርታ ላይ ፈልጊው፣ በራስሽ ስልክ ደውዪ፣ እሱ የሰጠሽን ቁጥር ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ራሱ ያወጣውን። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ወይም የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊው በቪዲዮ ያናግረኝ፣ የናሙና ትምህርት ላቅርብ በዪ። መምህር የሚቀጥር ሰው ድምፅሽን ሳይሰማ፣ ሰሌዳ አጠገብ እንዴት እንደምትቆሚ ሳያይ አይቀጥርሽም። «እሱን እዚያ ስትደርሺ» ካለ ነገሩ አልቋል። ብር ነክ ነገሩን በተመለከተም፣ ኤጀንሲ ነኝ የሚል ሰው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ አለው የለውም የሚለውን እዚያው ማጣራት ይቻላል፤ በኤጀንሲ ለሚሄድ ሠራተኛ ደግሞ የቪዛ ክፍያና የደርሶ መልስ ትኬት የአሠሪው ወጪ እንደሆነ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይደነግጋል። ታዲያ 180 ሺሁ የምን ነው?

ሌላ አገር ይሻል ይሆን ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ ሁሌም የሚቀጥለው ጥያቄ እሱ ነው። ደቡብ ኮሪያን እርሺው። የእንግሊዝኛ መምህር ቪዛቸው በተግባር የሰባት አገር ፓስፖርት ላለው ነው፦ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድና ደቡብ አፍሪካ። ቻይናም ለእንግሊዝኛ መምህርነት የምትፈልገው በመሠረቱ ተወላጁን ነው። በዚያ ላይ በ2021 ለትርፍ የሚሠሩ የማስጠኛ ተቋማትን ስትቆልፍ ብዙ ቦታ ጠፍቷል፤ «ቻይና በቢዝነስ ቪዛ ገብተሽ አስተምሪ» የሚልሽን ሰው አትስሚ። ጃፓን የቋንቋ መምህሩ 12 ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረ እንዲሆን ትጠይቃለች፣ እኛ ደግሞ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ነው የጨረስነው። ቬትናም በሩ ክፍት ነው፣ ግን ከዲግሪው ሌላ የማስተማር ሰርተፍኬትና ከፍ ያለ የቋንቋ ፈተና ውጤት ይፈልጋል። ዓረብ አገር ዲግሪ ላለው መምህር ሥራ አለ፣ ውድድሩ ግን ከሕንድና ከግብፅ መምህራን ጋር ነው፤ እሱን ሌላ ጊዜ ብናወራው ይሻላል። ላንቺ ሁኔታ ታይላንድ መጥፎ ምርጫ አይደለችም። መጥፎው መንገዱ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ጎበዝ መምህራን ሲወድቁ ያየሁት በእንግሊዝኛ ሳይሆን በወረቀት ነው።

ከዩኒቨርሲቲሽ ማራኪ ግቢ ሬጅስትራር ጀምሪ። እጅሽ ላይ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊው ማስረጃ) ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልግሻል። እነሱ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳሽ ተከፍሎ ማስረጃው ሳይመጣ አይለቀቁም። ስለዚህ ከሁሉም በፊት እሱን ጨርሺ። እዚያው እያለሽ ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከዚያ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ከፌደራል ፖሊስ በአሻራ የሚሰጠው ከወንጀል ነፃ ማስረጃም አለ። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ብሪቲሽ ካውንስል ጋር አዲስ አበባ መውሰድ ትችያለሽ። ተወላጅ ካልሆነ መምህር የቋንቋ ውጤት ይጠየቃል፣ አይኤልትስ 5 ወይም ቶይክ 600 የተለመደው መነሻ ነው፤ አንቺ ግን መነሻው ላይ አትቁሚ፣ 7 ይዞ የቀረበ ሰው ለድርድር ይመቸዋል። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነውና ቶሎ ተፈትነሽ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጪው። ይህ ሁሉ አብዛኛው አዲስ አበባ ነው። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፤ ከአዘዞ በአውሮፕላን ሄደሽ በአንድ ጉዞ ሁሉንም ለመጨረስ ቀጠሮዎችሽን አስቀድመሽ አገጣጥሚ።

አሁን ስም። የአባትሽ ስም ኃይለማርያም ነው እንበል። ዲግሪው ላይ አንድ ቃል ሆኖ ተጽፏል፣ ፓስፖርቱ ላይ ለሁለት ተከፍሏል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ደግሞ የኛ ጸሐፊ እንደ ልማዷ «ኃ/ማርያም» ብላ በእንግሊዝኛ ፊደል በእዝባር አሳጥራዋለች። እዝባሯን እዚያ ያለው ኮምፒውተር አይቀበላትም። የኢሚግሬሽኑ ሰው ደግሞ ሦስት የተለያየ ሰው ነው የሚታየው። ፓስፖርቱን ሚዛን አድርጊ፤ ፋይዳም፣ ዲግሪም፣ ልምድም፣ ሰርተፍኬትም በፊደል ሳይቀር ከእሱ ጋር ይግጠሙ። ዲግሪው ካልገጠመ ከሬጅስትራር የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይጻፍልሽ። ፎርም ላይ «የቤተሰብ ስም» ሲልሽ ፓስፖርትሽ ላይ በዚያ ቦታ የተቀመጠውን ብቻ ጻፊ፣ አንዴ የአባት አንዴ የአያት እያልሽ አትቀያይሪ።

ከስሙ የባሰው ዓመተ ምሕረቱ ነው። አንቺ ከ2014 ጀምሮ አስተምራለሁ ብለሻል። ትምህርት ቤትሽ የልምድ ደብዳቤውን «ከ2014 እስከ 2018» ብሎ ሳይቀይር በእንግሊዝኛ ጻፈልሽ እንበል። ዲግሪሽ ላይ ያለው ደግሞ በፈረንጅ 2021 ነው። ባንኮክ ያለው ሰው ሲያነበው ሳትመረቂ ሰባት ዓመት ቀድመሽ ማስተማር የጀመርሽ፣ ከተመረቅሽ በኋላ ደግሞ አንድም ቀን ያልሠራሽ ሰው ነሽ። ይህን አይቶ የሚደውል የለም፤ ፋይሉን ወደ ጎን ያደርገዋል፣ በቃ። ደብዳቤው ላይ ዓመቱ በፈረንጅ ይሁን፣ ቀንና ወሩም ይኑርበት፣ የምታስተምሪው የትምህርት ዓይነትና የክፍል ደረጃም ይጠቀስ። አንድ መስመር ደብዳቤ ልምድ አይባልም።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አትርሺ። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ ትጠይቃለች፣ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት የተከተብሽ መሆን አለብሽ። ቪዛ ሞልቶ በካርድ የተመለሰ ሰው ማየት ያሳዝናል።

የማስተማር ሰርተፍኬትን በተመለከተ፣ በየድረ ገጹ በጥቂት ዶላር የሚሸጡት «120 ሰዓት» የሚሉ ወረቀቶች ለማስታወቂያው መስፈርት ይሆናሉ እንጂ ማስተማር አያስተምሩም። ሴልታ የሚባለው የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፍኬት ከባድ ነው፣ ውድም ነው፣ ግን ቢያንስ 6 ሰዓት እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆመሽ እየታየሽ የምታስተምሪበት ስለሆነ ቀጣሪ ሁሉ ያከብረዋል፤ በኢንተርኔትም ይሰጣል። አቅም ካለሽ እሱን። ከሌለሽ ርካሹን ያዢና አራት ዓመት ያስተማርሽበትን በቪዲዮ አሳዪ። ስልክሽን ክፍል ጥግ ላይ አስደግፈሽ፣ ከትምህርት ቤትሽና ከወላጆች ፈቃድ ጠይቀሽ፣ አምስት ደቂቃ ቅረጪ። ሃምሳ ልጅ የተቀመጠበትን ክፍል በእንግሊዝኛ ስትመሪ የሚያይ የታይላንድ ርእሰ መምህር ከማንኛውም ወረቀት በላይ ይገባዋል፣ የእሱም ክፍል ከ40 በላይ ልጅ ነውና። ሥራ መፈለጊያው አጃርን የሚባለው ድረ ገጽ ነው፣ የአገሩ መምህር ሁሉ እዚያ ነው የሚፈልገው። «ተወላጅ ብቻ» የሚለውን እለፊ። «ኢንግሊሽ ፕሮግራም» ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሳይንስና ሒሳብን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋሉ፣ እዚያ ላይ ፓስፖርትሽ ያን ያህል አያጣላሽም፤ መዋለ ሕፃናትም እንዲሁ።

ውሉ ሲመጣ መጀመሪያ የወሩን ቁጥር እዪ። ብዙ ኤጀንሲዎች የሚከፍሉት ለ10 ወር ብቻ ነው፣ ማርችና ኤፕሪል ባዶ ነሽ ማለት ነው። 22 ሺህ ባት ለ12 ወር ከ25 ሺህ ለ10 ወር ይበልጣል፤ አባዢውና እዪው። ቀጥሎ የሥራ ፈቃዱን ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለውን፣ ከዚያ ሕመም ቢያጋጥምሽ መድኑ ማን ጋ እንደሆነ። የማስተማር ፈቃድ ኩሩሳፋ ከሚባለው የመምህራን ምክር ቤታቸው ነው፤ የትምህርት ዲግሪ የሌለው ሰው ለሁለት ዓመት የሚሆን ጊዜያዊ ፈቃድ ይወጣለታል፣ ይህንንም የሚያስፈጽመው ትምህርት ቤቱ ነው። «በራስሽ ጨርሺ» ካሉሽ አትፈርሚ።

ከተማውን እንዴት እለምደዋለሁ ላልሽው፣ ባንኮክ ሰው የሚፈራትን ያህል አታስፈራም፤ የምታስቸግረው በገንዘብ ነው፣ ያውም በመጀመሪያው ወር። ቤት ስትከራዪ የሁለት ወር መያዣና የአንድ ወር ቅድሚያ ይጠይቁሻል። ከመሐል ወጣ ብሎ ደህና ክፍል በ5 እና 6 ሺህ ባት ይገኛል፣ ስለዚህ ቁልፍ ለመቀበል ብቻ ከ15 ሺህ ባት በላይ ትቆጥሪያለሽ። ደመወዝ የሚገባው ወሩን ከሠራሽ በኋላ ነው፣ ባንኩም አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ፈቃድ ካላየ ሒሳብ አይከፍትም። ቢያንስ የሁለት ወር መኖሪያ ሳትይዢ አትነሺ። ውሉን ስትፈርሚ የመብራቱን ዋጋ ጠይቂ። መንግሥት በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 4 ባት ገደማ የሚያስከፍለውን አከራዩ 7 እና 8 ያደርገዋል፣ ኤሲ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሠራው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ጋቢ ደርበሽ ያደግሽ ልጅ ኤፕሪል ላይ ባንኮክ ስትገቢ ያለ ኤሲ መተኛት አይታሰብም። ክፍሉን በእግር ወይም በሞተር ወደ ትምህርት ቤት በሚያስኬድ ርቀት ያዢ፤ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱት ባለ ሞተሮች በየመንገዱ አፍ አሉ።

አከራይሽ አንቺ በገባሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማሳወቁን በወረቀት ተቀበዪ፣ ያለሱ የመኖሪያ ማራዘሚያሽ ይሰናከላል። ከዚያ በየ90 ቀኑ እዚህ ነኝ ብለሽ ታስመዘግቢያለሽ። ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ብቅ ልበል ካልሽ ደግሞ ከመውጣትሽ በፊት የመመለሻ ፈቃድ አውጪ፤ ሳታወጪ ከወጣሽ ቪዛሽ እዚያው አየር ማረፊያ ላይ ይሞታል።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን ቶሎ ትለምጃለሽ፣ ከፈረንጆቹ ሁሉ ቀድመሽ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ልጆቹ በሰልፍ ናቸው፣ አንቺ ከፊታቸው ትቆሚያለሽ። የለመድሽው ነው። ልጆቹ «ቲቸር» ብለው ከዚያ የራስሽን ስም ይጠሩሻል፣ የአባትሽን አይደለም፤ እነሱም እንደኛ በራስ ስም ነው የሚጠራሩት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነሱም በንግግራቸው የምሽት አንድ ይሉታል፣ አሜሪካዊው ባልደረባሽ ሰዓቱ ተምታቶበት ሲቸገር አንቺ ትስቂያለሽ። ዓመቱን ደግሞ ከፈረንጁ 543 ጨምረው ነው የሚቆጥሩት፤ 2026 ለእነሱ 2569 ነው። ዘመን መቀነስና መደመር ለኛ ምን ችግር አለው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላ ነው። የልጅ ጭንቅላት አትዳብሺ፣ እኛ ጋ ፍቅር ነው፣ እነሱ ጋ ነውር ነው። እግርሽን ወደ ሰው ወይም ወደ ቡድሃ ምስል አትዘርጊ። በር ላይ ጫማ ካየሽ ጫማሽን አውልቂ። ስለ ንጉሡ ቤተሰብ በቀልድም፣ በፌስቡክም ምንም አትበዪ፤ በወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 112 ለአንዱ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስፈርዳል። ተማሪ ፊት መጮህም እዚያ ያዋርድሻል እንጂ አያስከብርሽም። ጎንደር ላይ ክፍል ጸጥ ለማሰኘት የምናሰማው ድምፅ እዚያ አይሠራም፣ ፈገግ ብለሽ ዝም ብትዪ ይሻላል።

የቆዳ ቀለሙን ጉዳይ ሳላነሣ ባልፍ አልወድም። ማመልከቻው ላይ ፎቶ ይጠየቃል፣ ፎቶሽን አይቶ ዝም የሚል ቀጣሪ ይኖራል። ሱቁ ሁሉ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ነው። አንዳንድ ወላጅ «ነጭ መምህር አልነበረም እንዴ» ሊል ይችላል፣ ርእሰ መምህሩም ያንን ፊትሽ ላይ ሊነግርሽ ይችላል። በሌላ በኩል ልጆቹ በሳምንት ውስጥ ፀጉርሽን ሊነኩ እየተጋፉ ይከቡሻል። ሁለቱም እውነት ነው። ያየኋቸው የቆዩ አበሾች ክርክር ውስጥ ሳይገቡ በሥራቸው የታወቁት ናቸው፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ደመወዝ ጭማሪ የሚደራደሩትም እነሱ ናቸው። አበሻ ስትፈልጊ ሱኩምቪት ላይ ናና አካባቢ ሂጂ፣ ዓረቡም አፍሪካዊውም እዚያ ነው፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትም አይጠፋም። ግን በየሳምንቱ መጨረሻ እዚያ ከዋልሽ ገንዘብሽም ያልቃል፣ የታይ ቋንቋም አትለምጂም። ቁጥር እስከ መቶ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ «ስንት ነው» እና «ቃሪያ አታብዛ» በመጀመሪያው ወር ይያዙ። የኋለኛው ቀልድ አይደለም፤ የነሱ ቃሪያ የኛን ሚጥሚጣ ያስንቃል።

ጾሙ ይቻላል። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ፊደል የተጻፈበት ምግብ ቤት ፈልጊ፣ «ጄ» የሚሉት የጾም ምግብ ነው፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ዓሣም የለበትም፤ ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር አይገባበትም። ከዚያ ውጪ ባሉት ቤቶች አትክልት ብቻ ብለሽ ብታዢም የዓሣ መረቅ ሳይነካው አይቀርም። እናትሽ በርበሬውንና ሽሮውን ያስፈጩ፣ በደንብ ታሽጎ፣ ምንነቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎበት፣ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ቋንጣና ቅቤ አይያዝ፣ የእንስሳት ውጤት ፈቃድ ይፈልጋል። ምጣድም ተዪ፤ ብዙው ክፍል ማድ ቤት የለውም፣ ሩዝ ማብሰያ ገዝተሽ ሽሮሽን በሱ ትሠሪያለሽ።

ጊዜውን ልንገርሽና ላብቃ። ወረቀቱን ዛሬ ብትጀምሪም ለሜይ አይደርስልሽም፣ ማረጋገጡና ፈተናው ብቻ ወራት ይበላል። ለኖቬምበሩ ሴሚስተር አስቢ። ለእሱ ማስታወቂያው የሚበዛው ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ነው፣ በእኛ ከነሐሴ እስከ መስከረም፤ እስከዚያ ዲግሪሽ ተረጋግጦ፣ አይኤልትስሽ ወጥቶ፣ ቪዲዮሽ ተቀርጾ ይጠብቅሽ። ካልተሳካ ለቀጣዩ ሜይ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እንደገና ይወጣል። አሁን ያለሽበትን ትምህርት ቤት ደግሞ ቪዛው እጅሽ ሳይገባ እንዳትለቂ፤ የልምድ ደብዳቤውን ግን ሰኞ ጠዋትም መጠየቅ ትችያለሽ፣ ዓመቱን በፈረንጅ ብለሽ።